እጅ የምታስር አንቀጽ

ለተከበሩ እኅቴ ለእትዬ ኂሩት፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የጦሳ ብርድ ዘንድሮ ከክረምቱ ቀድሞ እንደመጣ ልጅዎ እዮብ በስልክ ነግሮኛልና ጋቢዎን ከትከሻዎ አያውርዱ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ጡረታ ብወጣም የማርመው አላጣሁም።

በዚህ ዓመት እዚህ ለንደን ያለን የአንድ አጥቢያ ሰዎች ተሰባስበን እድር አቋቋምን። ደንቡን እንዳረቅቅ ለእኔ ሰጡኝ። ለሊቀመንበርነት ያሰብነው አቶ እንግዳወርቅን ነው። ፓርክ ሮያል በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ሰው ሲሞት ፈረቃውን አስቀይሮ ቀድሞ የሚደርስ ደግ ሰው ነው። ክርክር ያስነሣችው እኔ የጨመርኋት አንዲት አንቀጽ ናት። ሊቀመንበሩም ሆነ ጉባኤው፣ በድምፅ ብልጫም ቢሆን፣ ማንንም አባል በሃይማኖቱ ምክንያት ማስወጣት አይችልም ትላለች።

እንግዳወርቅ አነበባትና ፊቱ ጠቆረ። ሁላችንም የአንድ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ሆነን ያልታሰበ ክፋት ለምን ትጽፍብናለህ፣ እኔ ሰው የማባርር እመስልሃለሁ ወይ አለኝ። አንዲት አባልማ፣ ጋሼ ዘውዴ፣ እድር አቋቁሙ ብንልዎ መንግሥት አደረጉት እኮ ብላ አዳራሹን አሳቀችው።

እኔም እንደ ድሮው ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደቆምሁ ሆኜ አስረዳሁ። አሜሪካኖች መንግሥታቸውን ሲመሠርቱ ይኸው ክርክር ነበረባቸው። አንዱ ወገን፣ መንግሥት ያልተሰጠውን ሥልጣን ከየት አምጥቶ ይጠቀምበታል፣ ክልከላው ለምን ይጻፋል አለ። ሌላው፣ የዛሬዎቹ ደጎች ቢሆኑ የነገዎቹን ማን ያውቃል፣ ወሰኑ በጽሑፍ ይታወቅ አለ። በኋላ የሰውን መብት የሚጠብቁት አንቀጾች ተጨመሩ። አይጻፍ ያሉትም ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ተማሪዎቼንም እንዲህ ብዬ ነበር የማስተምራቸው።

የእርስዎን ነገር ግን አላነሣሁም። ባለቤትዎ ጋሼ ፍቅርተማርያም ሃይማኖት ቀይረው ሲያርፉ፣ ዕድሜ ልካቸውን ያገለገሉት እድር ድንኳን ከልክሎን ሸራ ሥር መቀመጣችንን ለአዳራሽ ወሬ አልሰጠሁም። ሐዘኑ የእርስዎ ነውና። አንቀጿ በጥቂት ድምፅ ብልጫ አለፈች። እንግዳወርቅም ተመረጠ፤ ለእኔ ያለው ሰላምታ ግን ቀዘቀዘ።

ከፋሲካ በኋላ ዋይት ሲቲ በሚባለው ሰፈር የምትኖረው አባላችን ጥሩብርሃን ወደ ጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ብዙዎች ተቆጥተው እንግዳወርቅ ቤት ድረስ ሄዱ። እሷ ትውጣ፣ አለዚያ እኛ እንወጣለን አሉት። እሱ ደግሞ ይሉኝታ የሚጎዳው ሰው ነው፤ ወዳጅ ለምኖት እንቢ ሲል አይቼው አላውቅም። በማግስቱ ደወለልኝ። ዘውዴ፣ አፌ እንቢ ማለት አቅቶት ነበር፤ ደንቡን አውጥቼ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ እጄ ታስሯል አልኋቸው አለኝ። እትዬ፣ ለነገው ክፉ ሰው ብዬ የጻፍኋትን አንቀጽ ደጉ ሰው ቀድሞ ተጠለለባት።

ባለፈው ሳምንት የጥሩብርሃን እናት አገር ቤት አረፉ። እድሩ ወንበሩንና ድስቱን ይዞ እሷ ወደምትኖርበት ፎቅ ሄደ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር በደረጃ ተሸከምነው። ከተቆጡት አንዳንዶቹ አልመጡም። ያች አዳራሹን ያሳቀችው ሴት ግን ትልቁን ድስት ታቅፋ ከፊቴ ትወጣ ነበር፤ እያለከለከች፣ ጋሼ፣ መንግሥትዎ ከባድ ነው ትለኛለች። ጥሩብርሃን በሩን ከፍታ ሁላችንን ስታይ እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። እኔም ወንበሩን አስቀምጬ ቆምሁ። እንግዳወርቅ የደከመኝ መስሎት ውኃ አመጣልኝ። እኔ ግን ያን ሸራና ከሥሩ የተቀመጡትን እርስዎን እያየሁ ነበር።

እዮብን፣ ባለቤቱን ፅጌረዳንና ትንሿን ፀሎትን ይሳሙልኝ። ያን ዕለት ሸራውን ከሱቃቸው አውጥተው የዘረጉልንን ጎረቤትዎን ሐጂ አኑዋርን ደግሞ ከሁሉ አብልጠው ሰላም ይበሉልኝ። እሳቸውን ያስገደዳቸው ደንብ አልነበረምና።

ታናሽ ወንድምዎ ዘውዴ
ዊልስደን፣ ለንደን
ሰኔ ፲፭ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.