በቦርሳው ዚፕ ላይ ያለው ቀይ ክር

ሰኞ

ዚፑ እንደ ድሮው አልዘጋ አለኝ። የእንድሪስን የካሜራ ቦርሳ ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣሁት። ባለቤቴ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ቦርሳውን ከዚያ ወዲህ የነካው የለም።

ልጄ ዘይነባ ከጂዳ ለአንድ ወር እረፍት መጥታለች። ቅዳሜ ወደ አምባሰል እንሄዳለን፣ ወደ አባቷ መንደር፣ ለአንድ ሳምንት። የአባዬን ካሜራ ካልያዝን አልሄድም ብላለች።

"ስልክሽ አይቀርጽም ወይ?" አልኳት።

"ይቀርጻል። አክስቴ ፋጡማ ግን የወንድሟን ካሜራ ነው የምታውቀው።"

የሚያዘው፦ ካሜራው። የቻርጀሩ ገመድ። ሁለት ባትሪ። ማይኩ። ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ። አራት ባዶ ካሴት።

ሌንሱን በአሮጌ ሻሽ፣ ባትሪዎቹን በካልሲ ጠቀለልኩ። እጄ አልረሳውም። እንድሪስ ከሐይቅ ከተማ እስከ ውጫሌ ሰርግ የሚቀርጽ ካሜራማን ነበር፤ አርብ አርብ ዕቃውን የማዘጋጅለት እኔ ነበርኩ።

ዘይነባ ዚፑን አየችው። "ይሄ ቀይ ክር ምንድን ነው? ፍቺው እንጂ እማ፣ ገበያ ወስጄ አሠራዋለሁ።"

"ተዪው!" አልኩ። ጮኼ ነበር መሰለኝ፣ ቀና ብላ አየችኝ።

ማክሰኞ

የምጽፈው በእንድሪስ የሰርግ ቀጠሮ መዝገብ ላይ ነው። ግማሹ ባዶ ቀርቷል። ለማንም ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው፣ ምናልባት ነገ አፌ ይደፍር ይሆናል።

ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ሙሽሮቹ ቅጂያቸውን ከወሰዱ በኋላ ካሴታቸው ለሌላ ሰርግ ይውላል። የማይነካውን እንድለይ እንድሪስ በቀይ ክር ያስርልኝ ነበር። "ክር ያለበትን እንዳትሰጪኝ" ይለኛል። ክር የነበረው አንድ ካሴት ብቻ ነው፤ የመጀመሪያ ልጃችን ሁሴን ወደ ጂዳ ሊሄድ ሲል የተቀረጸበት።

አንድ አርብ የቦርሳው ዚፕ እጀታ ተሰበረ። መኪናው ደጅ ላይ ጥሩምባ ይነፋል። ክር ብፈልግ አጣሁ። የሁሴንን ክር ፈትቼ እጀታው ላይ አሰርኩት። እንድሪስ ከሰርጉ ሲመለስ እመልሰዋለሁ አልኩ። ረሳሁት።

በሳምንቱ ክር የሌላቸውን ካሴቶች ሰብስቤ ሰጠሁት። በአንዱ ላይ "ሁሴን። አይነካ" ተብሎ ተጽፏል። ለእኔ ጭረት ነበር። እሱም ክር የለውም ብሎ፣ በጥድፊያ፣ ሳያየው አስገባው።

ሁሴን ባሕር ላይ ቀረ። ጀልባውም አልተገኘም። መርዶው ሲመጣ እንድሪስ ካሴቱን ከፈተው፤ ሙሽራና ሚዜ ይጨፍራሉ። ወዲያው አጠፋው። "ሰርግ እስከ ካሴቱ ጫፍ ነው የምቀርጸው። ምንም አልተረፈም" አለ። ቀጥሎም፣ "ክሩን ሳላስር ቀርቼ ነው። ልጄን በእጄ አጠፋሁት።"

ክሩ ፊቱ ነበር፣ ዚፑ ላይ። አላየውም። እኔ አየሁት፣ ዝም አልኩ። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ሞተ።

ፊደል የለየሁት ከመርዶው ወዲያ ነው። ከካሴት ጀርባ፣ ከዘይነባ ደብተር፣ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ። ያስተማረኝ የለም። መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል "አይነካ" ነው።

ረቡዕ

ነገርኳት። ሌንሱን እየወለወለች ነበር።

"አባዬ ያን ሁሉ ዓመት ራሱን ሲረግም ትሰሚያለሽ?"

"እሰማለሁ።"

"ሲታመምስ?"

"ያኔም።"

አላለቀሰችም። ካሜራውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች፣ ሻርፗን ለብሳ ወደ ሐይቁ ወረደች። ዐስር ተሰግዶ ነው የተመለሰችው። ጉዞው ቀረ ወይ ብዬ መጠየቅ ፈራሁ።

"ካሴቱ የት ነው?" አለችኝ። እማ አላለችኝም።

አወጣሁላት። ጥዬው አላውቅም። ባትሪዎቹ ሞተዋል፤ በገመድ እንዳንሞክር መብራት የለም።

ሐሙስ

ዛሬም መብራት የለም። ጎረቤቴ አስካለ በአጥሩ ላይ፣ "አንቺ ከድጃ! ልጅሽ ከጂዳ ዝምታ ነው ይዛልሽ የመጣችው? ሰው እኮ ቴምር ነው የሚያመጣው!" አለችኝ። ዘይነባ ከውስጥ ሳቅ አምልጧት ሰማሁ። ወዲያው ያዘችው።

ማቆሚያውን ከቦርሳው አወጣሁት። የማንሄድ ከሆነ ምን ያደርጋል? መልሼ ከተትኩት።

አንድ ነገር፦ ምሳ አብራኝ በላች።

አርብ

ከጁምዓ በኋላ መብራት መጣ። ካሜራውን ሰካችው። የካሜራው ትንሿ መስኮት ላይ ተጠጋግተን የማናውቃቸውን ሙሽሮች አየን። ካሴቱን ማሳለፍ ትችል ነበር፤ አላሳለፈችም። ጭፈራው። ምርቃቱ። ከዚያ ዝናብ መጣ፣ ሰው ሮጠ፣ ሙሽሪት ቀሚሷን ሰበሰበች፣ ሥዕሉ ጠፋ። ዘይነባ ማጥፊያውን ልትጫን እጇን ሰደደች።

ግቢያችን መጣ።

እኔ ነኝ፣ ምስር እለቅማለሁ። ካሜራውን ከአባቱ ተቀብሎ የሚቀርጸው ሁሴን ነው፤ እሱ አይታይም።

"እማ፣ ፊትሽን አሳዪኝ እንጂ። ይዤሽ ልሂድ።"

እኔ አፍሬ ሰፌዱን ወደ ፊቴ አነሳሁት። ምስሩ ጭኔ ላይ ፈሰሰ። እሱ ይስቃል። "ወላሂ ካላየሽኝ አልሄድም!"

እጁ መጣ። አውራ ጣቱ ላይ ማጭድ የቆረጠው ጠባሳ አለ። የሰፌዱን ጠርዝ ያዘ፣ ወደ ታች ሊስብ ጀመረ። ካሴቱ አለቀ።

አየሁት ይሆን? አላስታውስም። እስኪነጋ ባስብ አላስታውሰውም።

ዘይነባ ደጋግማ አየችው። "አባዬ ዝናቡን ረስቶት ነበር" አለች። እኔ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ እውነቱን ብነግረው ኖሮ ራሱን መርገሙን ትቶ ካሴቱን እስከ ጫፍ ይፈትሸው ነበር። ይቺንም ሳያይ ሞተ። ከክሩ ዝምታዬ ይብሳል።

ቅዳሜ

ሚኒባስ ውስጥ ነን። እስኪሞላ እየጠበቅን ነው የምጽፈው።

ጠዋት ዘይነባ የዚፑን ክር በጥርሷ ፈታችው። የሁሴን ካሴት ላይ ሁለት ጊዜ አዙራ አሰረችው። እጀታው ላይ የራሷን የፀጉር መያዣ አደረገች። "ይቅር ብዬሻለሁ" አላለችም። እኔም በይኝ አላልኩም።

ወያላው ቦርሳውን አየና "እናት፣ ላይ ልጫነው" አለ።

"አይጫንም!" አለችው። ተቀብላ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። "አንቺ ያዢው፣ እማ።"

ከረቡዕ ወዲህ የመጀመሪያዋ "እማ" ናት።

"ለአክስቴስ?" አለችኝ። ፋጡማ ወንድሟ "ልጄን በእጄ አጠፋሁት" ሲል ሰምታለች፤ ያንኑ ይዛ ነው የቀበረችው።

"እነግራታለሁ።"

"ፊትሽን ሳትሸፍኚ።"

"ኢንሻአላህ።"

ሚኒባሱ ሞላ። መንገዱ ያንገጫግጫል፤ ቦርሳው ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ መዝገቡን ልዝጋው።