ከቤት የማይወጣው ኮምፒውተር

ጎንደር፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታናሽ እህቴ፤

ሰላምታ ከማቅረቤ በፊት አንድ ወሬ ላርም። ጎረቤታችን ይመኙሽ ትናንት ጤፍ ገዝታ አንቺ ካለሽበት ከኮላ ድባ ስትመለስ፣ ዕቃዋን እንኳ ሳታወርድ ወደ እኔ መጥታ በገበያው ስለ እኔ የሚባለውን ነገረችኝ። የእህቷን ኮምፒውተር ጋኔን አድሮበታል ብላ ቄስ ጠርታ አስጠመቀችው፤ አልለቅም ብሎ ሲጮኽ በማሰሮ ደፋችበት ይባላል አሉ። ይህ ስሕተት ነው። አንደኛ፣ ማሽን ጋኔን አለበት ብዬ አላውቅም፤ አርባ ዓመት ሒሳብ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ሁለተኛ፣ ለዚህ ጉዳይ የተጠራ ቄስ የለም። የንስሐ አባታችን መምሬ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ታቦታቱ ከቀሐ በተመለሱ በማግስቱ፣ እንደ ወትሮው ቤቱን በጠበል ሊረጩ መጡ። ሦስተኛ፣ ማሰሮ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በቅጠል ነው የረጩት። አልጮኸምም። አንድ ጊዜ ጧ ብሎ ዝም አለ። ለሚጠይቅሽ ሁሉ እንዲህ ብለሽ አስተካክዪልኝ።

አሁን ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? የወንድማችን ልጅ ዘመናይስ ከነልጆቿ ደኅና ናት? የደንቢያ ሙቀት በጾም እንደሚያደክምሽ አውቃለሁና ከቀትር በኋላ ከጥላ አትውጪ።

እኔ አልታመምሁም፤ ደክሞኛል። የቤቱ ደረጃ ያው ሰባት ነው፤ ዘንድሮ ግን አራተኛው ላይ ቆሜ እተነፍሳለሁ። እራት ለአንድ ሰው መሥራት ለሁለት ከመሥራት እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ስልኬን ስለማታነሺ በወረቀት ጻፍሁ። ወረቀት ቢያንስ ኔትዎርክ የለም ብሎ አያቋርጠኝም።

የምጽፍልሽ ስለ ኮምፒውተርሽ ነው። ከሄድሽ በኋላ ክፍልሽን ዘግቼ ከረምሁ። በጾሙ መግቢያ ግን የኮምፒውተሩን ሳጥን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ በባጃጅ ፒያሳ ወሰድሁት። እዚያ ከአንዱ ባንክ ጀርባ፣ ደረጃ ወጥቶ፣ ኮምፒውተር የምትጠግን ሰብለ ወንጌል የምትባል ሴት አለች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ስትሠራ አታወራም፤ ይህን ወደድሁላት። ሳጥኑን ከፍታ አሸተተችና፣ ምን ነካው እትዬ አለችኝ። ውኃ አልኋት። የምን ውኃ? የጥምቀት። ቀና ብላ አየችኝና ሣቋን ዋጥ አድርጋ፣ ውኃው የተባረከ ቢሆንም መብራቱ አያውቅለትም አለች።

ሁለት ነገር ሞቷል። አንዱ ከግድግዳ የመጣውን መብራት ለየክፍሉ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ነው፤ ሌላው ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ። ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ቦርድ ተርፏል። ጨዋታሽ የተቀመጠበት ዲስክም ተርፏል። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ፤ ዲስኩ ተርፏል። አንድም ነገር አልጠፋብሽም።

ሰብለ ወንጌል በመጀመሪያ የሞቱትን በሌላ አሮጌ ልተካልዎ አለችኝ። ወዲያው ደግሞ፣ ይህ ካርድ ድሮም ደካማ ነበር፣ እህትዎ በምን ትዕግሥት ኖረችበት፣ በጨዋታው ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ ምስሉ አይቆራረጥባትም ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልሁ። ከኋላሽ ቆሜ አይቼልሽ አላውቅም። እንግዲያስ ከድሮው የሚሻለውን እንምረጥ፣ ያለኝ የገንዘብ ልክ ግን ይህ ነው ብዬ ልኩን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት። ወረቀቱን አይታ፣ በዚህ ሸጋ ነገር ይወጣል፣ ብቻ መምረጥ ማወቅ ነው አለች።

እዚያው ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ጢሙን ያሳደገ ጎልማሳ ገባና፣ ማዘር፣ ጌሙ ለልጅ ልጅ ነው ወይ አለኝ። ለእህቴ ነው አልሁት። ስንት ዓመቷ ነው? ስድሳ አንድ። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ምን ትጫወታለች? የጭነት መኪና ትነዳለች። ኧረ ሸጋ! ስንት መኪና አላት? አላውቅም አልሁ። በየት በየት ነው የምትሠራው? እሱንም አላውቅም። ታዲያ ምን እንደምትነዳ፣ የት እንደምትነዳ ሳይጠይቋት ነው እንዴ ዕቃ የሚመርጡላት ብሎ ሣቀብኝ። ተማሪዬ ቢሆን ኖሮ ከክፍል አስወጣው ነበር። ግን ልክ ነበር።

ያን ቀን ደብተር ገዝቼ ተመለስሁ። በማስመሪያ ሦስት ዓምድ አሰመርሁ፤ የዕቃው ስም፣ የሚፈልገው መብራት፣ ርዝመቱ። የሳጥኑን ውስጥ በልብስ ስፌት ሜትር ለካሁ። ሰብለ ወንጌል ይሠራል ስትለኝ፣ በስንት ዋት እላታለሁ። እዚህ መጥቶ እንዲህ የጠየቀኝ ሰው የለም፣ ሰው የሚጠይቀኝ ስንት ዓይነት ቀለም ያበራል ብሎ ነው አለችኝ። በሌላ ሱቅ ደግሞ ሻጩ አዲስ ነው ብሎ ያወጣልኝን ካርድ በማጉያ መነጽሬ ባየው የብሎኖቹ ራስ ተፍቋል። ይህ ተፈትቶ የተገጠመ ነው ብዬ መለስሁለት። እንዲህ የሚያውቁ ከሆነ ምነው መጡብን አለኝ።

ጉልበቴን ቢያመኝም አምስት ቀን ያህል ፒያሳ ተመላልሻለሁ። ከተማርሁት አንዱን ልንገርሽ። ዲስክ ማለት ዕቃ የሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ነው፤ ራም የሚሉት ደግሞ የምትሠሪበት ጠረጴዛ። ያንቺ ጠረጴዛ ጠባብ ነበር። ከተማ ስትገቢ መኪናሽ የሚንቀረፈፈው ለዚህ ነው ብላኛለች ሰብለ ወንጌል። ይንቀረፈፍ እንደነበር ነግረሽኝ ነበር ወይ? ነግረሽኝ ይሆናል።

በመጨረሻ ሁለት ምርጫ ቀረልኝ። አንደኛው ትንሹ ካርድ ነው። ቁመቱ አጭር ስለሆነ በአሮጌው ሳጥንሽ ይገባል፤ የራሱ የመብራት ገመድ አይፈልግም፤ ከእሱ ጋር ራሙን እጥፍ ለማድረግና ፈጣን ዲስክ ለመጨመር ልኬ ይበቃል። ሁለተኛው ትልቁ ነው። ሁለት ማራገቢያ አለው፤ እንደ ጡብ ይከብዳል። ለእሱ ሲባል ሳጥኑም ፓወር ሰፕላዩም በትልቅ ይለወጣሉ፤ ለራሙና ለዲስኩ ግን ምንም አይተርፍም። ሰብለ ወንጌል ሳታመነታ ትንሹን አለች። ትልቁን ከወሰዱ ምስሉ ያምራል፣ መኪናው ግን መንገድ ላይ ይንተፋተፋል፤ ደግሞም በኮረኮንች መንገድ ከጫኑት ካርዱ በክብደቱ መቀመጫውን ይሰብራል፣ አንዴ ከተገጠመ ከቤት ባይወጣ ይሻላል አለችኝ።

ትልቁ ይሁን አልኋት። ገርሟት ደብተሬን አየች። በደብተሬ ሒሳብ ትንሹ ይበልጥ ነበር።

ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ዲስክሽን በራሷ ማሽን ላይ ሰክታ ስትፈትሽ፣ እኔም መነጽሬን አድርጌ አየሁ። አሥራ አንድ መኪና አለሽ። ሠላሳ ዓመት በጭነት ማመላለሻ ቢሮ ተቀምጠሽ የሰው መኪና መሸኛ ስትተይቢ፣ አንድ ቀን እንኳ ተሳፍረሽ እንደማታውቂ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ለሾፌሮቹ ስም ያወጣሽላቸው አንቺ ነሽ። ወንድማችን እንዳልካቸው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲሚንቶ ጭኖ በተራራ ይወጣል። መምሬ ኃይለ ጊዮርጊስ ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ላይ ናቸው፤ ዓሣ ጭነዋል፤ ጾም ይሁን ፍስክ አልተጻፈም። ሰብለ ወንጌል መምሬን ታውቃቸዋለችና በሣቅ ጠረጴዛውን ይዛ ቀረች።

ከዝርዝሩ መጨረሻ የእኔ ስም አለ። ሦስት ጊዜ ከሥራ አሰናብተሽ ሦስት ጊዜ መልሰሽ ቀጥረሽኛል። የተሰናበትሁባቸውን ቀኖች አነበብሁ፤ ሦስቱንም አስታውሳለሁ፤ ያልሁሽንም አስታውሳለሁ። መጨረሻ የቀጠርሽኝ በከተራ ዕለት ነው። እንግዲህ መምሬ በመጡ ቀን እኔ በሥራ ላይ ነበርሁ ማለት ነው።

ስለዚያ ቀን ለማንም ያልተናገርሁትን እጽፍልሻለሁ። አንቺ የጡረታሽን ለመቀበል ወደ ባንክ ሄደሽ ነበር። ኮምፒውተርሽ እንደበራ ነው። ይሞቃል ብለሽ የጎን ክዳኑን ከፍተሽዋል። በምስሉ ውስጥ መኪናሽ መብራቷን አብርታ መንገድ ዳር ቆማለች። መምሬ ከመድረሳቸው በፊት ውኃ የማይወደውን ዕቃ ሁሉ ላስቲክ አለበስሁ። ቴሌቪዥኑን ሸፈንሁ። ሬዲዮኑን ሸፈንሁ። የመጻሕፍቱን መደርደሪያ፣ የአባታችንን ፎቶግራፍ፣ ሳሎን ያለውን የጽሕፈት መኪናሽን ሸፈንሁ። የስኳሩን ዕቃ ክዳን እንኳ አጠበቅሁ። መምሬ ክፍልሽ ደጃፍ ላይ ቆም ብለው፣ እዚህም ልግባ ወይ ሲሉኝ፣ ይግቡ እንጂ አልሁ።

ከላስቲኩ ሁለት ክንድ ያህል ተርፎ ነበር። አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት። እስካሁን እዚያው ነው።

ስትመለሺ፣ ጭነቱ ነገ መድረስ ነበረበት አልሽ። እኔ ግን፣ ዕቃ ነው ይተካል፣ ደግሞስ በዚህ ዕድሜ አልሁሽ። በሦስተኛው ቀን ሄድሽ። ከእራት በኋላ የማወራሽ ብዙ ነገር ነበረኝ፤ አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽ እሺ፣ እሺ ትይኝ ነበር። ይህን የጻፍሁት እንድታውቂው ነው እንጂ ለሠራሁት ማቅለያ አይሆነኝም። ተማሪ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ሲመጣ ተቀብዬ አላውቅም።

ይመኙሽ ከወሬው ጋር መልእክትሽንም አድርሳለች። እዚሁ ዘመናይ ጋር እኖራለሁ፣ ከሆሳዕና በፊት አልጋዬን ትላክልኝ ብለሻል አሉ። ስትነግረኝ ጫማዋን ጫማዋን ታይ ነበር። ከሄደች በኋላ ደብተሩን ከፍቼ ብዙ ተቀመጥሁ። ትልቁን ካርድ ለምን እንደመረጥሁ ራሴን ጠየቅሁና መለስሁ። የፈለግሁት ከቤት የማይወጣ ኮምፒውተር ነበር። መንዳት ካማረሽ ወደዚህ ትመጫለሽ ብዬ ነው። ሰብለ ወንጌል ከቤት ባይወጣ ይሻላል ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ስጦታ አስመስዬ አንቺን የምስብበት ገመድ ላዘጋጅ ነበር።

ስለዚህ ትንሹ ይሁን፤ ጥቂት መብራት ነው የሚበላው፤ ለኮላ ድባ ይስማማል። አንድ ሰው በጭኑ ይዞት ሊጓዝ ይችላል። የመንጃ መሪና ፔዳል የሚባል ዕቃም አይቻለሁ፤ እሱን ግን አልነካሁትም፤ እግርሽ የት ላይ እንደሚመችሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ሽማግሌ ልልክብሽ አስቤ ነበር። በአባታችን ቤት ታላቅ ሰው ሲበድል ሽማግሌ ይልክ ነበር እንጂ ራሱ ሲወርድ አላየሁም። ነገር ግን የላስቲኩን ነገር የማያውቅ ሽማግሌ ምን ብሎ ያስታርቀናል? ራሴ እመጣለሁ፤ ፊቴን ማየት ካልፈለግሽ አልቀየምሽም፤ ኮምፒውተሩን ለዘመናይ አስረክቤ በመጣሁበት መኪና እመለሳለሁ።

እግዚአብሔር ወገብሽን ያበርታልሽ። ያስጠጋሽን ቤት ይባርክ። የቀረውን ጾም በጤና ያስፈጽምሽ።

እጄ ደከመ። ነገ ማለዳ ደብዳቤውን እንድታደርስልሽ ለይመኙሽ ሰጥቼ፣ መጀመሪያ ፒያሳ ወጥቼ ሰብለ ወንጌልን ትልቁን ተዪው፣ ትንሹን ግጠሚልኝ እላታለሁ። ከዚያ አልጋሽን የሚፈታ ሰው ጠርቼ ብሎኖቹን ቆጥሬ በከረጢት አስራለሁ። ከዚያ መናኸሪያ ወርጄ የኮላ ድባ መኪና በየትኞቹ ቀኖች እንደሚነሣ እጠይቃለሁ፤ ለአልጋው ከላይ ቦታ፣ ለእኔ ከሾፌሩ ጎን።

ታላቅ እህትሽ