ርእሱ ባዶ የተተወ ወረቀት

ይድረስ ለእናቴ ልጅ ለአካሉ፤

ለማንም ያልነገርሁትን ሰላምታዬ ሳያልቅ ልናገር፤ ካዘገየሁት እንደ እስከ ዛሬው ሁሉ ይቀርብኛል። ስምህን የጻፍሁት እኔ ነኝ።

እንደምን ሰነበትህ? የቀረው እግርህ ብርዱን ቻለው? ምርኩዙስ ብብትህን መላጡን ተወ? ባለቤትህ ሸዋዬ እንደምን ናት? ሕፃኗ ውዴስ ዳዴ አለች? እኔ ዐይኔ ከመድከሙ በቀር ደኅና ነኝ፤ መድኃኔ ዓለም ይመስገን።

ባለፈው ደብዳቤህ «ስሜን የጻፈውን ሳላውቅ አገሬን አልረግጥም» ብለሃል። እንግዲህ እወቅ። በሰባ ስድስት መስከረም፣ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ በወባ ተኝቶ ሳለ፣ ሊቀ መንበሩ አስናቀ ደጄ መጣ። እሱ ፊደል አይለይም። «አገርነሽ እኅቴ፣ ትምህርት ያቋረጡ፣ መሬትም ሥራም የሌላቸው ልጆች ባሕር ዳር ልብስ ስፌት ሊማሩ ነው፤ በዚያ በሚያምር እጅሽ ስማቸውን ጻፊልኝ» አለኝ። ሟች ባለቤቴ ግድግዳ ላይ ከለጠፈው ጋዜጣ ብቻዬን ፊደል የለቀምሁ ሴት፣ እጅሽ ያምራል ስባል ልቤ አበጠ። «ርእሱስ?» ስለው «ተይው፣ ወረዳ ይሞላዋል» አለ። የላይኛውን መስመር ባዶ ተውሁት። ቦታ እንዳያልቅብህ ብዬ አንደኛ አንተን ጻፍሁ፤ ከሥርህ ዐሥር። ወረዳ ሲሞላው ብሔራዊ ውትድርና ሆነ። አስናቀ ያውቅ ነበር፤ የራሱን ልጅ አንዳርጋቸውን በዚያው ሳምንት ማክሰኝት አጎቱ ዘንድ ሰደደው።

አንዳርጋቸው አሁን ተመልሷል። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጦ እኔ ግቢ ይውላል። ከእሱ ጋራ ዘጠኝ ሥራ ፈቶች ናቸው፤ ለዓሣ አስጋሪዎች መረብ እየጠገኑ ለዕለት ያገኛሉ፤ እጃቸው መረቡ ላይ ሳለ እኔ አስነብባቸዋለሁ። «ወረቀት ሲሰጧችሁ መጀመሪያ ራሱን እዩ፤ ራስ የሌለው ወረቀት እባብ ነው» እላለሁ። «እባብስ ራስ አለው፣ እታለም» ይለኛል አንዳርጋቸው፤ ይስቃሉ።

ባለፈው ማክሰኞ አስናቀ ባዶ ወረቀት ይዞ መጣ። «እነዚህን ግቢሽ የሚውሉትን ጻፊ፤ የእኔን ልጅ ተይው፤ ርእሱንም እንደ ዱሮው» አለ። አንደኛ አንዳርጋቸው አስናቀ ብዬ ልጽፍ እጄ ተነሣ። ይህን ሦስት ዓመት በአፌ ሳገላብጠው ኖሬአለሁ፤ ይጣፍጣል። ነገር ግን ልጁ ደጄ ላይ መረብ ሲቋጥር ቀና ብዬ አየሁ፤ አቀማመጡ ያንተ ነው። ለልጁ አዘንሁ እንጂ አባቱን የማርሁ እንዳይመስልህ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ርእሱን እኔው ሞላሁት፦ «እኔ አስናቀ ለልብስ ስፌት ብዬ አታልዬ ለጦር የሰጠኋቸው»። ከሥሩ ዐሥራ አንዳችሁን፤ ባልተመለሱት በሦስቱ ስም ፊት መስቀል አደረግሁ። «አንብቢልኝ» አለ። በተጻፈው ፈንታ የስምንቱን የግቢዬን ልጆች ስም ጠራሁለት። የልጁን ስም ባለመስማቱ ደስ ብሎት አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ አተመበት፤ «እጅሽ ይባረክ» ብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሰኞ ራሱ ወረዳ ያስረክበዋል።

ምናልባት ያስሩኝ ይሆናል፤ ልጆቹ መረቡን ለምደውታል፣ ያለ እኔም ይቋጥሩታል። የእኔን ፍርድ ግን ለወረዳ አልሰጥም፤ ያንተ ነው። ብትረግመኝም መጥተህ ርገመኝ።

ሸዋዬን ሳምልኝ፤ ውዴን በሁለት ጉንጯ። አክስታችን ወለተ ሚካኤል በጸሎቷ አልረሳችህም። ጎረቤታችን ሀቢባም ምርኩዝህን በጨርቅ ጠምጥመው ብላሃለች።

እኅትህ አገርነሽ
ባሕር ዳር አቅራቢያ፣ ጣና ዳር፤ የካቲት ፳፭ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ይህን ሁለት አድርጌ ጽፌዋለሁ። አንዱን የወረታው ነጋዴ ሙሀመድዘይን ናዝሬት ድረስ ለአካሉ በእጁ ይሰጠዋል። ሁለተኛው ሰኞ ማታ፣ አባቱ ከወረዳ ሲመለስ፣ ጮክ ብሎ እንዲያነብለት ለአንዳርጋቸው አስናቀ።