ከግድግዳው ወዲህ የተከፈተ ሙዚቃ

ግንቦት 2 ቀን

«እናቴ ከግድግዳው ማዶ እየሞተች፣ ሳሏ እንዳይረብሸው ሙዚቃ ከፍቶ ላስጠናኝ ለአባቴ። ዛሬም ሙዚቃ በተከፈተበት ቤት አንድ መስመር መጻፍ አልችልም።»

ውድ ልጄ፣

ከላይ ያለው ቃል በቃል ያንቺ ነው፤ ከመመረቂያ ጽሑፍሽ የምስጋና ገጽ ላይ ገለበጥሁት። «አባባ፣ ከመታተሙ በፊት ስህተት ካለው እንደ ድሮው አርምልኝ» ብለሽ ነው የላክሽልኝ። አነበብሁት። የፊደል ግድፈት የለውም፤ ነጠላ ሰረዙም ቦታው ላይ ነው። ስህተቱ ምክንያቱ ላይ ነው።

የእናትሽ ሳምባ እንዳለቀ ሐኪሙ የነገረን አንቺ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ስትዘጋጂ ነው። ላንቺ «የቆየ ብርድ ነው» አልንሽ። መኝታ ቤቱን ከሳሎኑ የሚለየው ቺፕውድ እንደሆነ ታውቂያለሽ። መሐንዲስ ነኝና ያ ግድግዳ ምን እንደሚያሳልፍ ነጋሪ አያሻኝም። አንቺ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ፣ እሷ ከጀርባሽ። እሷ ስታስል አንቺ ገጽ መግለጥ ታቆሚያለሽ። ይህን ያስተዋለችው እሷ እንጂ እኔ አይደለሁም። «ልጅቷ እኔን ነው የምታጠናው እንጂ ደብተሯን አይደለም። አንድ ነገር ክፈትባት» አለችኝ።

ሙዚቃውን የመረጠችው እናትሽ ናት፤ አልጋዋ ላይ ተኝታ። መጀመሪያ ዘፈን ከፈትሁ። አንቺ ከዘፋኙ ጋር ታንጎራጉሪ ጀመር። «ፈተናው ላይ አዝማች ይጠይቋታል እንዴ? ቀይረው!» አለች። ፈጣን ምት ያለውን ሞከርሁ፤ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ ትደበድቢው ጀመር። ሳክስፎን ስከፍት ጥቂት አዳመጠችና «ይሄ ሰውዬስ ከእኔም ብሶበታል፤ በል ሽሮፑን ስጠው» ብላ ሳቀች። ሳቁ ሳሉን ቀሰቀሰባት፤ እስኪያልፍላት ጀርባዋን ደግፌ ቆየሁ። ፒያኖው ለስላሳ ነበር፣ ግን በየመሀሉ ያርፋል፤ እሱ ሲያርፍ የእሷ ሳል ይሰማል። በመጨረሻ ያ አንቺ የምትጠዪው፣ ቃልም ማረፊያም የሌለው የቫዮሊን ሙዚቃ ተገኘ። «ይሄ ይሸፍነኛል» አለች።

የካሴቱ አንድ ወገን ሲያልቅ፣ ተነስቼ እስክገለብጠው ድረስ ቤቱ ጸጥ ይል ነበር። እናትሽ ያን ጸጥታ ትራስ አፏ ላይ ተጭና ታሳልፈው ነበር። ቴፑ አጠገብ እንደ ዘበኛ ተገትሬ የምውለው ለዚህ ነበር። አንቺ ግን ለአክስትሽ «አባባ ከእማማ ይልቅ ቴፑን ያስታምማል» ብለሻታል። ሰምቻለሁ።

አንድ ቀን ብድግ ብለሽ «አባባ በናትህ ቀንሰው፣ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው!» አልሽ።

«ቁጭ ብለሽ አጥኚ!» ብዬ ጮህሁብሽ። በሩን ወርውረሽው ወጣሽ።

እሷ ዘንድ ስገባ «ደግ አደረግህ» አለችኝ።

«ምኑ ነው ደግነቱ? ጠላችኝ እኮ።»

«ትጥላህ። አንተን ብትጠላ አንድ ቀን ይወጣላታል። የእኔን ሳል ይዛ ፈተና ከገባች ግን መቼም አይወጣላትም።» ቀጥላም አስማለችኝ፦ «ትምህርቷን እስክትጨርስ እንዳትነግራት።»

ፈተናውን አለፍሽ። ውጤቱ ሲመጣ እሷ አልነበረችም። ከዚያ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ከዚያ ሁለተኛ፣ ይኸው ሦስተኛ። ሁልጊዜ ያልጨረስሽው ትምህርት ነበረሽ፤ እኔም መሐላዬን ጠበቅሁ። አንቺ ደግሞ የስልክ ጨዋታሽን ከዓመት ዓመት እያሳጠርሽ ሄድሽ። ዛሬም ገና አልጨረስሽም፤ ግን ይህን ገጽ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልሁም። እናትሽ በብዙ ነገር ትክክል ነበረች። በአንዱ ተሳስታለች፤ አልወጣልሽም።

ተናድጃለሁ፤ አልደብቅሽም። ሙዚቃ መክፈቴን ጻፊ፣ እውነት ነው። መጮሄንም ጻፊ። የሚስቱ ሳል የረበሸው ሰው አድርገሽ ግን አታትሚኝ። እኔም ዛሬ ፕላን የምሠራው ያለ ሙዚቃ ነው፣ ያውም አንቺ ባጠናሽበት ጠረጴዛ ላይ። የመሥሪያ ቤት ልጆች «ጋሼ፣ ትንሽ ነገር ከፈት ቢያደርጉ እኮ ሥራው ይቀልልዎታል» ሲሉኝ «ሐሳቤን ይበትንብኛል» እላቸዋለሁ። ውሸቴን ነው። ድንገት ብታስል እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው።

ጽሑፍሽን በመምህራኑ ፊት የምታቀርቢበት ቀን እንደተቃረበ አውቃለሁ። እህል ሳትቀምሺ የመዋል አመልሽን ተዪ። መብራቱንም በግራሽ በኩል አድርጊው፤ የእጅሽ ጥላ ጽሑፉ ላይ እያረፈ ዓይንሽን ያደክመዋል። እናትሽ ትንፋሿን የከፈለችበትን ትምህርት ፈጣሪ በሰላም ያስፈጽምሽ። የጀመርሽው ይሙላልሽ፤ በሄድሽበት ሁሉ ሰው አያሳጣሽ።

ማተሚያ ቤቱ ግንቦት 20 ቀን ይረከበኛል ብለሻል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ይወጣ ወይስ ይቆይ እንደሆነ፣ ከቆየም ሙዚቃውን ማን እንደመረጠው ይጨመርበት እንደሆነ፣ መልስሽን እፈልጋለሁ። በስልክ አይሆንም። በስልክ አንቺ «ደህና ነኝ» ትያለሽ፣ እኔም «ደህና ነኝ» እላለሁ፣ ይዘጋል። በጽሑፍ፣ በእጅ ጽሑፍሽ፣ እስከ ግንቦት 15 ቀን ድረስ ይድረሰኝ።

አባትሽ