ታሪኩ እንቅልፍ ያገኘበት ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ለዋልልኝ አያሌው፤ ጁባ።

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ሰነበትህ? ሙቀቱና ወባው እንዴት አድርጎሃል? ያ ሲያሠቃይህ የነበረው ወገብህ ተሻለህ ወይ? የምትነዳው የውሃ ቦቴስ ዛሬም መንገድ ላይ ይገትርሃል ወይስ ጌታው አሠራልህ? ምግብ የሚሠራልህ ሰው አገኘህ ወይስ አሁንም ከውጭ ነው የምትበላው? ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ እምዬም በሕይወት አለች። «ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» ብዬ እንደ ሰው ሁሉ ልጀምርልህ ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ። ናፍቆትህ አለ፤ ግን ብቻውን አይደለም፣ ንዴት አብሮት አለ። ቅር እንዳይልህ። ቅር ቢልህም አንብበው።

ስልኩ ከተቋረጠ ሰንብቷል። ቢሠራም ግን በደብዳቤ እመርጥ ነበር፤ አንተ በስልክ ሰው አታስጨርስም፣ ነገር ሲመርርህ ጆሮዬ ላይ ትዘጋለህ። ይህን የሚያደርስልህ እቃ ይዞ ወደ እናንተ የሚመላለሰው የይፋጉ ነጋዴ ሀብታሙ ነው። ከፍቶ እንዳያነበው በጊዮርጊስ አስምዬዋለሁ። ቢያነበውም ግድ የለኝም፣ አገር ያወቀው ነው።

ወሬው ጁባ ሳይደርስ አይቀርም። «ታናሽ ወንድምህ ታሪኩ የአባቱን ደም መለሰ» ብለው ነግረውህ፣ አንተም ደረትህን ነፍተህ ለጓደኞችህ ቢራ ጋብዘህ ከሆነ፣ ብርጭቆውን አስቀምጥና የሆነውን ከእኔ ስማ። ታሪኩ የገደለው ይሻውን አይደለም። የገደለው አለሙን ነው።

መቼም አትረሳውም፤ አባታችንን በማሳ ወሰን ጠብ ተኩሶ የጣላቸው ይሻው ነው። እሱ ያን ዕለት ወደ ቆላ ወርዶ ጠፋ። ታላቅ ወንድሙ አለሙና እናታቸው እመት ፈንታነሽ ግን ከወንዙ ማዶ እዚያው ቀሩ። ከአንድ ምንጭ እየቀዳን፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን እያስቀደስን፣ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ ኖርን። አለሙ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረንም። በሬያችን ገደል የገባ ጊዜ ገመድ ይዞ የወረደው እሱ ነው። ይህን በስልክ ስነግርህ «ደማችንን በገመድ ሊያስረሳን ነው?» ብለህ ሳቅህ።

ታሪኩ ሐዘኑን እንደምንም ችሎት ነበር። እንቅልፍ ከዓይኑ የጠፋው አንተ ከሐምሌ ጀምሮ ማታ ማታ መደወል ስታበዛ ነው። «በአባትህ ደም ላይ ተኝተሃል» አልኸው። ይህችን ቃል ሰምቶ ማን ይተኛል? መደቡ ላይ ይጋደማል፣ ይገላበጣል፣ ይነሣል፣ የበሩን መወርወሪያ ይፈትሻል፣ ይመለሳል። መጀመሪያ ይቀልድበት ነበር፤ «የሰፈሩ ጅብ እንኳ ‹አንተ ሰው አትተኛም ወይ› ብሎ ታዘበኝ» ይለን ነበር። እየቆየ ቀልዱ አለቀ፤ ዓይኑ ደም መሰለ። አንድ ቀን እርሻ ላይ በሬው ዘገየብኝ ብሎ በዱላ ቀንዱን ሰበረው። እምዬ «ልጄ፣ እህል ቅመስ» ብትለው ገበታውን በእርግጫ አለው። ከቡችላነቱ ጀምሮ ያሳደገውን ውሻ፣ ጮኸብኝ ብሎ፣ እስኪሞት በሽመል ደበደበው። ሲያበቃ የውሻውን ሬሳ ታቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አንተ በስልክ ጀግናው እያልህ የምትጠራው ሰው እንግዲህ ይህ ነበር።

ያላደረግነው ነገር የለም። እምዬ ትኩስ ወተት በማር አጠጣችው፤ እግሩን ለብ ባለ ውሃ በጨው ዘፈዘፈችለት። ጸበል ወሰድነው፤ በርዶት ሲንቀጠቀጥ አደረ። ዳዊት ድገም አሉት፣ ደገመ፤ ግን «ጠላቶቼ» ከሚለው ሲደርስ ድምፁ ይጠነክራል፣ ከዚያ ወዲያ ማን ያስተኛዋል! ጎረቤት ደግሞ አረቄ መከረው። ያን ጠጥቶ ወደቀ። ብዙም ሳይቆይ ተነሣና ይሻው መስላው የእምዬን ጉሮሮ አነቀ። ለመስቀል በዓል አገር ቤት ሄጄ ስለ ነበር ጣቶቹን አንድ በአንድ ከአንገቷ ያላቀቅሁት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ እጁን ይዤ ወደ ደብረ ታቦር፣ ልብስ እየሰፋሁ ወደምኖርባት ኪራይ ቤቴ አመጣሁት፤ ሐኪም ዘንድም አደረስሁት። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ግን ትዕግሥት አላት። ከሰዓት በኋላ ቡና አትጠጣ፤ አረቄ መውደቅ እንጂ መተኛት አይደለም፤ እንቅልፍ እንቢ ካለህ ተነሥተህ ቁጭ በል እንጂ ጣራ ላይ አታፍጥጥ፤ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ተነሣ፤ ስልክ ከመኝታህ አርቅ አለችው። ታሪኩ አንገቱን ደፍቶ ሰማትና «ዶክተር፣ የሚያስተኛኝን ነገሩኝ፤ ተኝቼ ሳለሁስ ማን ይጠብቀኛል?» አላት። እሷም ወደ እኔ ዞር ብላ «እስኪ እህትህ ትጠብቅህ» አለች።

እውነትም ጠበቅሁት። አልጋዬን ለእሱ ለቅቄ፣ የስፌት መኪናዬን ከበሩ አስጠግቼ ተቀመጥሁ። ጂዳ በሰው ቤት ሳለሁ አሮጊቷን እመቤቴን የማስተኛት ውስጥ እግሯን በዘይት እያሸሁ ነበር። የኑግ ዘይት አሙቄ የታሪኩንም እግር አሸሁለት፤ ንቃቃቱ ውስጥ የማሳችን አፈር እንዳለ ነው። «ኮረኮርሽኝ» ብሎ ሳቀ። ከዚያ አንኮራፋ። ዋልልኝ፣ ሰው ሲያንኮራፋ ሰምቼ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እንዲህ እያልን ጉንጩ ሥጋ መያዝ ጀመረ፤ ከሰፈሩ ባለ ባጃጆች ጋር እንኳ ተላምዶ ነበር።

አንተ ደወልህ። «ከተማ ገብተህ በእህትህ ቀሚስ ሥር ተወሸቅህ?» አልኸው። ገብስ አጨዳ ደረሰብኝ ብሎ አሳበበና ወደ አገር ቤት ተመለሰ። እኔም የሰው ልብስ በጅምር ትቼ ተከተልሁት። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚሉት ይህን ነው፤ እንጨቱ ከጁባ መጣ፣ ቁስሉ እዚህ ነው።

እኛ ሳናውቅ ግን አለሙ መምሬ ታደሰን ደጅ ጠንቶ ሽማግሌ አስነሥቶ ኖሯል። የአገራችንን ሥርዓት ታውቃለህ፤ የገዳይ ወገን የቤቱን አውራ አስቀድሞ፣ አውራውም ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነው፣ ጠመንጃቸውን አፈሙዙን ወደ መሬት ደፍተው፣ ማልደው ከሟች ደጅ ይመጣሉ። ከዚያ «ስለ እግዚአብሔር» ብለው ይወድቃሉ። ሳይነገር የሚመጡት ልቡ የጋለ ጎረምሳ አስቀድሞ ከሰማ ወይ ይጠፋል ወይ አልታረቅም ብሎ ይምላል ተብሎ ነው። ስለዚህ ለእምዬ ብቻ ነግረው ለማንም እንዳትተነፍስ ቃል አስገቧት። ቀኑንም የኅዳር ሚካኤል ማግሥት አደረጉት።

የሚካኤል ዕለት ማታ እምዬ ነገሩ እንዲሰምር ልትጸልይ ቤተ ክርስቲያን አደረች፤ ስልኳን ቤት ትታ ነበር። እኔ የታሪኩን እግር አሸሁለት፣ ስልኩንም አጠፋሁበት፣ ተኛ። በእግዚአብሔር ስም እምልልሃለሁ፣ ተኝቶ ነበር። የእሱ ስልክ እንቢ ሲልህ በእምዬ ደወልህ። ነቃና አነሣው። ያልኸው «ተኝተህ ነው?» ነው። ምናልባት ክፉ አላሰብህ ይሆናል፤ ማታ የሚደውል ሰው ሁሉ የሚለው ነው። ታሪኩ ግን ዘጋው፣ የአባታችንን ጠመንጃ አወረደ፣ ወጥቶ ከአጥሩ ሥር ተቀመጠ። ልመልሰው ብሄድ በሰደፉ አፌን አለኝ፤ የፊት ጥርሴ ከዚያ ወዲህ የለም።

ማለዳው ውርጭ ነበር፤ ጉሙ ከጉና ወርዶ ማሳውን ሸፍኖታል። ከጉሙ ውስጥ ሰዎች ወጡ። ፊታቸው ተሸፍኗል፣ አይነጋገሩም፣ ጠመንጃ ይዘዋል። ከክረምት ጀምሮ እንቅልፍ ያልጠገበ ዓይን አፈሙዙ ወዴት እንደ ዞረ አይለይም። ታሪኩ ሁለቴ ተኮሰ። አንዱ አለሙን ሆዱ ላይ አገኘው፣ አንዱ አንገቱ ሥር። ድንጋዩ ከጫንቃው ወርዶ የገዛ እጁን ጨፈለቀው። መምሬ ታደሰ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «ልጄ፣ እኛ ነን! እኛ ነን!» እያሉ ወደ አፈሙዙ ሮጡ። ባይደርሱ ሦስተኛው ጥይት ከኋላ ትከተል የነበረችውን እምዬን ባገኛት ነበር። እኔ ነጠላዬን ጠቅልዬ የአለሙን ሆድ ተጫንሁት፤ ደሙ በጣቶቼ መካከል ይፈልቃል፣ በውርጩ ላይ ይጨሳል። ከደጃችን ሊላት ያዘጋጃትን ቃል ለእኔ አላት። «ስለ እግዚአብሔር» አለኝ፣ ደም እየተፋ። ወደ ገሳይ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው መኪና ሳይመጣ አለቀ። እምዬ «ነግሬው ቢሆን! ነግሬው ቢሆን!» እያለች ፊቷን በጥፍሯ ነጨችው፤ ቁስሉ ዛሬም አልሻረም።

ታሪኩስ? ታሪኩ ጠመንጃውን ለመምሬ ታደሰ ሰጠ፣ ከአጥሩ ተደግፎ ቁጭ አለ፣ ተኛ። ሴቱ እየጮኸ፣ ሬሳው ደጃፍ ላይ ተዘርግቶ፣ እሱ ያንኮራፋል። ሚሊሻዎቹ ሲጠፍሩት አልነቃም፤ እንደ ጆንያ ተሸክመው ነው መኪና ላይ የጣሉት። አሁን እዚህ ደብረ ታቦር ታስሯል። ስንቅ ስወስድለት ብዙውን ጊዜ ተኝቶ አገኘዋለሁ። ሲነቃ «አለሙ ዳነ ወይ?» ይለኛል። «ሞቷል» እለዋለሁ። ራሱን ከግንቡ ያላትማል፣ ያለቅሳል፣ ደግሞ ይተኛል። በነቃ ቁጥር እንደ አዲስ ይጠይቀኛል፤ እኔም እንደ አዲስ አለሙን እገድልለታለሁ።

የማልተኛው አሁን እኔ ነኝ። ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ አደርጋለሁ፤ ቡና ተውሁ፣ ተነሥቼ እቀመጣለሁ፣ በአንድ ሰዓት እነሣለሁ። የገዛ እግሬንም በዘይት አሸሁ፤ የራስ እጅ አያስተኛም። ሲነድደኝ «ዋልልኝን ባገኘውና ብነክሰው» እላለሁ፣ በቀረኝ ጥርስ።

እንግዲህ የጻፍሁበትን ልንገርህ። ይሻው ከቆላ ወጥቷል። የወንድሙን ሬሳ ከኮረብታው ላይ ሆኖ እየተኮሰ ነው የሸኘው። ሽማግሎቹ ለምነው ለምነው እስከ አለሙ አርባ ድረስ ጥይት እንዳይተኩስ ቃል አስገብተውታል። ከአርባው በኋላ የሚፈልጉት ታሪኩን አይደለም፤ እሱ በመንግሥት እጅ ነው። የሚፈልጉት የቤቱን አውራ ነው። አንተን። አንተን ካላገኙ ያገኙትን ወንድ ይጥላሉ፤ ከዚያ የእኛዎቹ ይነሣሉ፣ ከዚያ የእነሱ።

መምሬ ታደሰ ይህን ጻፊለት አሉኝ፤ የአባታችሁ ደም ከአለሙ ደም ጋር አይካካስም፤ አለሙ የሞተው ሲዋጋ ሳይሆን ለእርቅ ተሸክሞ ነው። ስለዚህ አሁን ተራው የእናንተ ቤት ነው፣ ከቤቱም የሚሸከመው ታላቁ ነው ብለዋል። ምንም አይደርስብህም ብዬ አልዋሽህም። ሽማግሌ ይቆማል፣ መስቀል ይቀድማል፤ ግን ለእርቅ ባጎነበሰ ሰው ላይ መተኮስ እንደሚቻል ያሳየው የእኛው ደጅ ነው። እመት ፈንታነሽን ከሩቅ አያቸዋለሁ፤ በልባቸው ያለውን አላውቅም፣ ልጠይቃቸውም ዓይን የለኝም።

ቢሆንም ና። እገድላለሁ ብለህ ስትዝት ስንት ዘመን ሰማንህ፤ አሁን ለመለመን ና። አርባው ከገና በፊት ነው፣ ከዚያ በፊት ድረስ። ሥራ አለኝ እንዳትለኝ። መንገዱ ክፉ ነው እንዳትለኝም፤ ክፉ መሆኑን አውቃለሁ። ካልመጣህ እምዬ «እኔው እሸከመዋለሁ» ብላለች። ሽማግሎቹ «ሴት ስትሸከም ታይቶ አይታወቅም» ቢሏት፣ «እናንተ አይታችሁ የምታውቁትማ ልጆቻችንን ጨረሰ» ብላ መለሰችላቸው። ቀልድ እንዳይመስልህ፤ ከወንዙ ድንጋይ ስታማርጥ አይቻታለሁ።

መምሬ ታደሰ «እግዚአብሔር ልብ ይስጥህ» ብለውሃል። አክስታችን ማስተዋል ጉንጭህን ሳሚልኝ ብላለች፤ ልጆቿ ወንዶች ናቸውና ከትምህርት ቤት አስቀርታ ቤት ዘግታባቸዋለች። ታሪኩ ከእስር ቤት ሰላም ብሎሃል፣ «በወንድሜ ቂም የለኝም በዪው» ብሎኛል፤ ያለው እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። እምዬ ትስምሃለች። ላንተ ጋቢ ልታሠራ ቀኑን ሙሉ ጥጥ ትፈትላለች። «ለምኑ ነው?» ብላት «ከመጣ ለብሶት ይሸከማል» አለችኝ። ትንሽ ፈተለችና «ከገደሉትም እገንዝበታለሁ» አለች።

እህትህ ውቢት አያሌው
ደብረ ታቦር
ታኅሣሥ ፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.