እቴቴ ገመድ ስትዳብስ

ጥቅምት 4

የኤሌክትሪክ ገመድ መኪና ላይ ስንጭን አረፈድን። ወገቤ ተቆረጠ። ለአንድ አዳራሽ ይሄ ሁሉ ወፍራም ገመድ? እቴቴን ጠየቅኳት። “አንተ የምትሸከመው እሱን ነው፤ እሱ የሚሸከመው አዳራሹን ሙሉ። ማን ያማርር?” አለችኝ። እህቴ መልስ አጥታ አታውቅም።

አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ትርፉን ገመድ ጥቅልሉ ላይ ልተወው ስል ጮኸች። “ፍታው! እስከ መጨረሻው! ተጠቅልሎ ኤሌክትሪክ ካለፈበት እርስ በርሱ ተሟሙቆ ይቀልጣል።” ሠራተኞቹ ፊውዟ የሚሏት ወደው አይደለም... ቶሎ ትቃጠላለች። ግን እሷ የዘረጋችው መስመር ሲቋረጥ አይቼ አላውቅም። ድምፁን የሚያስተካክለው ሚክሰር ጋ ተቀምጬ ምስጋናውን የምበላው እኔ፤ እሷን የሚያያት የለም።

ጥቅምት 6

የድምፅ ሙከራ። ሁሉም እየሠራ ሳለ እቴቴ እንደ ልማዷ ከጀነሬተሩ እስከ መድረኩ ገመዶቹን ልትዳብስ ተነሳች። የሞቀ ከተገኘ፣ ወይ ገመዱ ለጭነቱ ቀጥኗል ወይ መጋጠሚያው ላልቷል። ዛሬ ግን ጎንበስ ብላ ገመዱን ጉንጯ ላይ አደረገችው።

“እቴቴ፣ ገመድ መሳም ጀመርሽ?”

አልሳቀችም። “ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ስኳሩ ነው። ሙቅና ቀዝቃዛ አይለዩልኝም።”

ክው አልኩ። መቼ ጀመራት? ለምን ደበቀችኝ?... የሙቀት መለኪያ እንግዛ አልኳት። “መለኪያ ያነጣጠርክበትን ብቻ ነው የሚነግርህ። እጅ ግን ሁሉንም ያዳርሳል።” ገመዱን መልሳ አስቀመጠች፤ ከዚያ፣ “የቅዳሜውን የሜዳ ኮንሰርት አንተ ዘርጋው። አንድ የሞቀ ቢያመልጠኝ እሳት ነው። ሚክሰሩን ጓደኛህ ይያዝ።”

ይሄ ሥራ ከሌለ እቴቴ ምን ልትሆን ነው? እኔስ እችለዋለሁ?

ጥቅምት 8

ግቢያችን ውስጥ ስታስጠናኝ ዋለች። ለትልልቆቹ ስፒከሮች ቀጠን ያለውን ገመድ መረጥኩ። ጭነቱን ይችላል፤ አስልቻለሁ።

“ጀነሬተሩ የት ነው የሚቆመው?”

“ከሜዳው ማዶ። እንዳይረብሽ።”

“ታዲያ የመንገዱን ርዝመት አሰላኸው?”

አላሰላሁም። ያንን ሁሉ ርዝመት ግቢው ውስጥ እያመላለስን ዘርግተን ከበሮ ያለበት ዘፈን ከፈትን። ከበሮው በተመታ ቁጥር ስፒከሮቹ ጋ ያለው ቮልቴጅ ሸብረክ ይላል... ሰው የበዛበት ቤት ሁሉም ቧንቧ ሲከፍት ውሃው እንደሚቀጥነው። በወፍራሙ ቀየርነው። የቮልቴጅ መለኪያው ቁጥር ንቅንቅ አላለም። እጄን በአፌ ጫንኩ! ይህን ሁሉ በጭንቅላቷ ይዛ ነው ለካ ስትቆጣን የኖረችው። እንዴት እንደኮራሁባት... ብነግራት ታፍራለች እንጂ።

ጥቅምት 11

አለፈ። እፎይ!

ኮንሰርቱ ከተጀመረ በኋላ ገመዶቹን ዳበስኩ። ወደ ዘፋኙ ድንኳን የሚሄደው ሞቋል። እንዴት? እዚያ አንድ አምፖል ብቻ ነው ያለው። ነገርን ከሥሩ ብዬ ተከትዬው ገባሁ። ትልቅ የውሃ ማፍያ ሰክተውበታል!

“ድምፁ እንዲከፈት ሙቅ ውሃ ያስፈልገዋል እኮ!” አለ ሥራ አስኪያጁ።

“የእሱ ሲከፈት የእኛ ይዘጋል” አልኩና ነቀልኩት። ከአፌ የወጣው የእቴቴ አነጋገር ነው፤ ራሴም ገረመኝ። በሌላ መስመር፣ በወፍራም ገመድ ሰካሁላቸው።

ልነግራት ፈለግኳት። ከመድረክ ኋላ የለችም። ፊት ለፊት፣ ሕዝቡ መሀል ቁጭ ብላለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

“ኋላ ስሆን የሚደርሰኝ ጉምጉምታው ብቻ ነበር። ግጥሙ እንዲህ ያምራል እንዴ?” አለችኝ። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ “ዘፋኙ ግን አጭር ነው።”

የማፍያውን ነገር ሳልነግራት አብሬያት ተቀመጥኩ።

ጥቅምት 13

አንድ የኮንሰርት አዘጋጅ ደወለላት። ስልኩን አቀበለችኝ። ኤሌክትሪኩን ማን ነው የሚይዘው አለኝ። ዞር ብዬ አየኋት... በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች።

“እኔ” አልኩ።

እቴቴ ክንዴን ያዘች። “ከፊት አንድ ወንበር ይያዝልኝ በለው።”