ወባን ከመድረክ ላይ ላጠፉት ሊቀ መንበራችን

ባሕር ዳር፣ የካቲት 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ክንዱ፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኛ የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ከራስ ምታቱ፣ ከብርድ ብርዱና ከትኩሳቱ በቀር እጅግ ደኅና ነን። ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልሁ ይህን ደብዳቤ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ለድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

1ኛ. ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ስላሠሩት መድረክ ከልብ አመሰግናለሁ። መድረኩ የተደለደለበት አፈር የተቆፈረው ከጓሯችን ነበር። ጉድጓዶቹን ክረምቱ ሞላቸው፤ ትንኝም ተራባባቸው። እርስዎ በዚያው አፈር ላይ ቆመው ወባ ከቀበሌያችን ፈጽማ መጥፋቷን ሲያውጁ እኔም እንደ ሰዉ አጨበጨብሁ።

2ኛ. በእናቶቻችን ዘመን ወባ ከመስቀል በኋላ መጥታ ብርዱ ሲገባ የምትሄድ እንግዳ ነበረች። ዘንድሮ ግን የሐይቁ ውኃ ከሥር እየሰረገ ጉድጓዶቹ ስላልደረቁ፣ የካቲት ገብቶም አልሄደችም። ቤት ሰጥተዋታል፤ የቀራት የቀበሌ መታወቂያ ብቻ ነው።

3ኛ. በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም ይባላል፤ እርስዎ ግን የእኛን በሽታ ደብቀው መድኃኒታችንን መለሱት። የወባ ክኒኑ ወባ ጠፍታለች ተብሎ ወደ መጣበት በጭብጨባ ከተሸኘ ወዲህ፣ የጤና ጣቢያው ድሬሰር እርስዎን ስለሚፈራ የሚንቀጠቀጠውን ሁሉ ጉንፋን ነው እያለ ይሸኛል። ልጄን እሌኒንም እንዲሁ አላት። ወንድሜ አለበል ከጎንደር ክኒን ባይልክልኝ ኖሮ እቀብራት ነበር። የጎረቤቴ የወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ልጅ ግን የሚልክለት ሰው አልነበረውምና በጉንፋን ሞቶ ተቀበረ። ይህን በትሕትና የምጽፍበት ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ስለዚህ በዓሉ ካለፈ፣ ንግግሩም ካለቀ፣ ክረምቱ ሳይመለስ መድረኩን አፍርሰው አፈራችንን ወደ ጉድጓዱ፣ ክኒናችንንም ወደ ጤና ጣቢያው እንዲመልሱልን እጅ እነሣለሁ።

የድልዎ ተካፋይ፣ ሳይታመሙ የሚንቀጠቀጡ ሰዎች ጎረቤት፣ ታዛዥዎ
ፀሐይወርቅ አምሐ

ከፊርማ በኋላ፤ ይህን ልለጥፍ ስወጣ ባለቤትዎ ከደጄ ቆመው አገኘኋቸው። እርስዎን ጉንፋን ይዞዎት እየተንቀጠቀጡ መሆኑን ነግረውኝ፣ ከእሌኒ የተረፈ የወባ ክኒን እንዳለኝ ጠየቁኝ። ሰጥቻቸዋለሁ፤ ለጉንፋን ምን እንደሚያደርግ ግን አልጠየቅኋቸውም። እግዚአብሔር ይማርዎ። ሲሻልዎ አካፋ ይዘው ብቅ ይበሉ።